ምድር በምትንቀጠቀጥበት ጊዜ፦ በቤት ውስጥ፣ በደጅና በሕሙማን አልጋ አጠገብ

በጥር ወር 2008 ዓ.ም. በሐዋሳ ከተማና በአካባቢዋ መጠኑ ከ5 በታች የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተከስቶ ነበር። ይህን ያህል መጠን ያለው ንዝረት በወጉ የተሠራን ሕንፃ የማፍረስ አቅም የለውም። ያም ሆኖ በርካታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጉዳት ደርሶባቸው ወደ ሕክምና ተቋማት ተወስደዋል። ለጉዳታቸው ዋነኛ ምክንያት የሆነው ከመኝታ ሕንፃዎች ለመውጣት በድንጋጤ የተደረገው ግፊያና ሩጫ ነበር። ንዝረቱ ራሱ በሰከንዶች ውስጥ አብቅቷል።

ይህ ክስተት ለጤና ባለሙያ ሁለት ጥያቄዎችን ያስነሣል። የመጀመሪያው፣ ኅብረተሰቡ በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ምን ማድረግ እንዳለበት ማን ያስተምረዋል? የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ባለሙያው ራሱ በዋርድ፣ በማዋለጃ ክፍል ወይም በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ሳለ ምድር ብትናወጥ ምን ያደርጋል? የሚለው ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ የሚሹት ከመንቀጥቀጡ በፊት ነው፤ ንዝረቱ ከጀመረ በኋላ ለማሰብ የሚተርፍ ጊዜ የለምና።

አገሪቱና አደጋው

ኢትዮጵያን ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ አቋርጦ የሚያልፈው ስምጥ ሸለቆ የምድር ቅርፊት እየተለጠጠ የሚሳሳበትና የሚሰነጠቅበት ሥፍራ ነው። ልጠጣው በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚለካ ቢሆንም፣ ለረጅም ዘመን የተጠራቀመው ውጥረት በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ ምድርን ያናውጣል። በነሐሴ ወር 1898 ዓ.ም. በላንጋኖ ሐይቅ አካባቢ የተነሣው ከፍተኛ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በ1953 ዓ.ም. ከግንቦት ወር ጀምሮ ለወራት የዘለቀው የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል፤ በካራ ቆሬም ብዙ ቤቶችን ጥሏል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን ዋና መንገድ በናዳና በመሬት ስንጥቅ ጎድቷል። በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የምትገኘው የሰርዶ መንደር ወድማ የሰው ሕይወት ጠፍቷል።

የቅርብ ጊዜው ትዝታ የፈንታሌና የዶፈን አካባቢ ነው። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በዚያ ሥፍራ በተደጋጋሚ የተከሰተው መንቀጥቀጥ በታኅሣሥ መጨረሻ ላይ መጠኑ ከ5.5 አልፏል፤ በየካቲት ወር ደግሞ 6.0 ደርሷል። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። ንዝረቱ በአዲስ አበባ ጭምር ስለተሰማ፣ በፎቅ የሚኖሩ ብዙ የከተማዋ ነዋሪዎች ሌሊት ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ወደ ደጅ ወጥተዋል።

መንቀጥቀጥን የሚቋቋም ሕንፃ የሚሠራበትን ሥርዓት የሚደነግገው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቶ በ2015 ተሻሽሏል። ይሁን እንጂ ከሕዝቡ አብዛኛው የሚኖረው መሐንዲስ ባልነደፈው ቤት ውስጥ ነው። ስለሆነም ከውጭ አገር የሚመጣ የጥንቃቄ መመሪያ ሳይመረመር ተተርጉሞ ቢታደል በከፊል ብቻ ይጠቅማል። ይህ ወደፊት የሚብራራ ነጥብ ነው።

የሰከንዶች ስሌት

መንቀጥቀጥ ሲነሣ ከመነሻው ሁለት ዋና ዋና ሞገዶች በምድር ውስጥ ይጓዛሉ። ፈጣኑ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ ሲሆን፣ የሚሰማውም እንደ ድንገተኛ ግፊት ወይም ከባድ መኪና በአጠገብ ሲያልፍ እንደሚፈጥረው ዓይነት መጠነኛ ንዝረት ሆኖ ነው። ሁለተኛው በሰከንድ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ ሲሆን ወደ ጎን በኃይል የሚያናውጠውና ቤት የሚያፈርሰው እርሱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ እንደ ርቀቱ ይለያያል። ከፈንታሌ 125 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው አዲስ አበባ ልዩነቱ ወደ 15 ሰከንድ ይደርሳል። በተራራው ግርጌ በምትገኘው በመተሐራ ግን ሁለትና ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ስለዚህ በቅርብ ያለ ሰው የመጀመሪያውን ግፊት እንደ ማስጠንቀቂያ ቆጥሮ ለማሰላሰል ጊዜ አያገኝም፤ የሚያደርገውን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

መጠኑ 6 የሆነ መንቀጥቀጥ ኃይለኛው ናውጥ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። በአንጻሩ በአራተኛ ፎቅ የተኛ ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ ልጆቹን አንሥቶ፣ ቁልፍ ፈልጎ፣ በሩን ከፍቶ ደረጃውን እስኪወርድ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ከዚህ የምንረዳው ወደ ደጅ የሚሮጠው ሰው ንዝረቱ በሚበረታበት ቅጽበት የሚገኘው ደረጃ ላይ መሆኑን ነው። ደረጃ ደግሞ በሕንፃ ውስጥ ለጉዳት ከሚጋለጡት ክፍሎች አንዱ ነው፤ ሰው የሚረጋገጥበትም እዚያው ነው። ከደረጃው ተርፎ በሩን ያለፈውም ቢሆን የሚደርሰው ከሕንፃው ግርጌ ነው። የመስኮት መስታወት፣ የግድግዳ ልባስ፣ የሰገነት አጥርና ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚወርደው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች በደረሰው መንቀጥቀጥ ከሞቱት ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ውጭ ሲሮጡ ከሕንፃዎች የወደቀ ጡብ የመታቸው ነበሩ።

በአዲስ አበባ ረጃጅም ሕንፃዎች የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ከምድር ቤቱ ነዋሪ ይልቅ የበረታ መወዛወዝ የሚሰማውም ያለ ምክንያት አይደለም። ፈጣኑ ንዝረት ሩቅ ሲጓዝ ይዳከማል፤ ዘገምተኛው መወዛወዝ ግን ይደርሳል፤ ረጅም ሕንፃም ከዚህ ጋር አብሮ ይወዛወዛል። መወዛወዙ በራሱ ሕንፃው ሊወድቅ መሆኑን አያመለክትም። ይህን ቀላል እውነት አስቀድሞ የሰማ ሰው በመስኮት ለመዝለል አይነሣም።

በቤት ውስጥ

በሕንፃ ውስጥ ላለ ሰው የሚሰጠው ምክር በሦስት ቃላት ይጠቃለላል፦ ዝቅ ማለት፣ መከለል፣ አጥብቆ መያዝ። ዝቅ ማለት የሚያስፈልገው ናውጡ ሳይጥል በፊት በፈቃድ ለመውረድ ነው። በጉልበቱና በእጁ የተንበረከከ ሰው አይወድቅም፤ እንዳስፈላጊነቱም ሊድህ ይችላል። መከለል ሲባል በጠንካራ ጠረጴዛ ወይም በሌላ ጽኑ ዕቃ ሥር መግባት ነው፤ ሁሉንም አካል መሸፈን ባይቻል ራስንና አንገትን መሸፈን ይቀድማል። ጠረጴዛው በንዝረቱ ከቦታው ስለሚንሸራተት እግሩን ይዞ አብሮ መንቀሳቀስ ያሻል። ጠረጴዛ በሌለበት ከመስኮትና ከቁም ሣጥን ርቆ ከውስጠኛው ግድግዳ ሥር መንበርከክና ራስን በክንድ መሸፈን የተሻለ ነው።

አልጋ ላይ የተኛ ሰው በጨለማ ከመነሣት ይልቅ እዚያው ሆኖ በደረቱ ተኝቶ ራሱንና አንገቱን በትራስ ቢሸፍን ይሻለዋል፤ ከራስጌው በላይ የተሰቀለ ከባድ ነገር ከሌለ ማለት ነው። በሌሊት መንቀጥቀጥ የሚበዛው ጉዳት በተሰበረ መስታወት ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ የእግር ቁስል በመሆኑ፣ ጫማና የእጅ ባትሪ ከአልጋ ሥር ማኖር ዋጋው አነስተኛ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው ጎማውን ቆልፎ ወደ ፊት ያጎነብሳል፤ ራሱንና አንገቱንም ይሸፍናል። ሕፃን ያቀፈች እናት ሕፃኑን ከደረቷ አስጠግታ በላዩ ታጎነብሳለች።

በሰፊው የሚታመኑ ግን መታረም ያለባቸው ሁለት ምክሮች አሉ። አንደኛው በበር መቃን ሥር መቆም ነው። ይህ እምነት የመጣው በጭቃ ጡብ የተሠሩ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው የበር መቃናቸው ብቻ ቆሞ ከታየበት ዘመን ነው። በዛሬ ቤት ውስጥ መቃኑ ከሌላው ግድግዳ የተለየ ጥንካሬ የለውም፤ የሚወዛወዘው በርም እጅን ይቀጠቅጣል። ሌላው በስልክና በወረቀት የሚዘዋወረው፣ ከጠረጴዛ ሥር ሳይሆን ከትልቅ ዕቃ ጎን ተጠግቶ መተኛትን የሚያዝዘው ምክር ነው። ይህ ምክር የሚነሣው ሕንፃ ሁሉ ሙሉ በሙሉ ይደረመሳል ከሚል ግምት ነው። ይሁን እንጂ በብዙ መንቀጥቀጦች ሰው የሚጎዳው ሕንፃው ሳይወድቅ ከውስጡ በሚወድቁ ዕቃዎች ነው፤ ትልቁ ቁም ሣጥንም ከጎኑ በተኛው ሰው ላይ ከሚወድቁት ዕቃዎች አንዱ ነው።

እንግዲህ ከላይ የተጠቀሰው ነጥብ እዚህ ላይ ይመጣል። ለኮንክሪት ሕንፃ የተሰጠው ምክር ለሁሉም ቤት አይሠራም። በድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ ማሰሪያ የሌለው ወፍራም ግድግዳ ያለው ቤት፣ ይልቁንም እንደ ትግራይ ህድሞ ጣሪያው አፈር የተሸከመ ከሆነ፣ ሲፈርስ ለውስጡ ሰው የሚተርፍ ክፍተት አይተውም፤ አቧራውም ያፍናል። እንዲህ ባለ ባለ አንድ ወለል ቤት ውስጥ ያለ ሰው በሩ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ከሆነና ከበሩ ውጭ ግልጽ ሜዳ ካለ የመጀመሪያው ግፊት እንደተሰማው ወዲያውኑ መውጣትና ከግድግዳው መራቅ ይሻለዋል። በሩ ሩቅ ከሆነ ወይም ደጁ በሌላ የድንጋይ አጥር የተጠበበ ጎዳና ከሆነ ግን ከጠንካራ አልጋ ወይም ጠረጴዛ ሥር መግባት ይቀራል። በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት በአንጻሩ ቀላልና ተለማጭ በመሆኑ በቶሎ አይደረመስም። እዚያ የሚያሰጋው የሚረግፈው ምርጊት፣ ከቆጡ የሚወድቀው ዕቃና እሳት ነው። የአፋር አርብቶ አደር ከታጠፈ እንጨትና ከሰሌን የሚሠራው ጎጆ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ የማያሰጋ ነው። ሠልጥነናል ብለን ወደ ብሎኬት ቤት የገባን ሰዎች ልንታዘበው የሚገባ ነገር ነው።

በመሆኑም ባለሙያው ለቤተሰብ ሲያስተምር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቤታችሁ ከምን ተሠራ? በሩ የት ነው? ከበሩ ውጭስ ምን አለ?» ብሎ ነው። መልሱ ለእያንዳንዱ ክፍል ተለይቶ ከታወቀ በኋላ ልጆች ሳይቀሩ አንድ ጊዜ ቢለማመዱት በሌሊት እንኳ እግራቸው ራሱ ይመራቸዋል። ከቤት ቤት እየዞሩ የሚያስተምሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዚህ ከማንም ይልቅ የቀረቡ ናቸው።

እሳትን በሚመለከት አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ኩራዝ፣ የከሰል ምድጃ፣ የላምባና የቡታጋዝ ምድጃ ንዝረት ሲነሣ በእጅ የሚደረስባቸው ከሆነ ይጠፋሉ፤ ካልሆነ ግን ንዝረቱ እስኪቆም ይጠበቃል። የፈላ ድስት ለማውረድ ወይም ረከቦት ለማዳን የተነሣ ሰው የሚያገኘው ቃጠሎ ነው። ብዙ ሰው በዚያች ቅጽበት እየጮኸና ፈጣሪውን እየተማጸነ ወደ ውጭ ይሮጣል፤ ጸሎቱ ግን ጠረጴዛ ሥር ሆኖም ይደርሳል።

በደጅ

በደጅ ያለ ሰው እዚያው ይቆያል፤ ቤተሰቡን ለማውጣት ወደ ቤት ተመልሶ መግባት በንዝረቱ ጊዜ ማንንም አያድንም። ከሕንፃ፣ ከግንብ አጥር፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶና መስመር፣ ከውኃ ታንከር ማማና ከትልቅ ዛፍ ርቆ ይንበረከካል። ያልታሰረ የብሎኬት አጥር ከሚታሰበው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ሲወድቅ በአንድነት ይወድቃል፤ ሕፃናት የሚጫወቱት ደግሞ ከሥሩ ነው። ጠባብ መንገድ ላይ ሆኖ ግልጽ ቦታ መድረስ የማይችል ሰው ከሚወርደው መስታወት ይልቅ በጠንካራ ሕንፃ በር ውስጥ ገባ ብሎ ራሱን ቢሸፍን ይሻለዋል።

መኪና የሚነዳ ሰው ከድልድይ፣ ከመሸጋገሪያ መንገድና ከኤሌክትሪክ መስመር ሥር ወጥቶ በዝግታ ዳር ይዞ ይቆማል፤ ንዝረቱ እስኪያበቃም ከመኪናው አይወርድም። የኤሌክትሪክ ሽቦ በመኪናው ላይ የወደቀበት ሰው ኃይሉ መቋረጡ እስኪረጋገጥ ከውስጥ መቆየት ይኖርበታል።

በተራራማ አገር ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ እንደታየው ገደል ይናዳል፤ ድንጋይ ይንከባለላል። በገደል ሥር ያለ ሰው ወደ ላይ መመልከትና ከሚንከባለለው ድንጋይ አቅጣጫ ወደ ጎን መሸሽ ያስፈልገዋል፤ ቁልቁል መሮጥ ድንጋዩን ማስከተል ነውና። ዝናብ ባረጠበው ተዳፋት ላይ ናዳው ንዝረቱ ከቆመ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል፣ ወደዚያ የሚላክ የአምቡላንስ ሠራተኛም ይህን ይወቅ።

በጤና ተቋም ውስጥ

በጤና ተቋም ውስጥ ጥያቄው ይከብዳል። ሌላው ሰው ራሱን ከጠረጴዛ ሥር ሲያስገባ፣ ነርሷ ዙሪያዋን ስትመለከት የምታየው ከአልጋ መነሣት የማይችሉ ሕሙማንን ነው። ቢሆንም ለባለሙያውም የሚሰጠው ምክር ያው ነው፤ በንዝረቱ ጊዜ ራስህን ከልል። ይህ ለሙያው ሥነ ምግባር ባዕድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በግማሽ ደቂቃ ውስጥ፣ ወለሉ እየተናወጠ፣ ሕመምተኛ ከአልጋ አንሥቶ ማውጣት አይቻልም። ቆሞ የሚታገል ሰው ራሱ በሕመምተኛው ላይ ይወድቃል፤ ወይም የግሉኮስ መስቀያው ይወድቅበታል። ንዝረቱ ሲያበቃ ግን በዚያ ዋርድ ውስጥ የሚደማውን የሚያስቆም፣ የተነቀለውን ኦክስጅን የሚመልስ እጅ ያስፈልጋል። የተሰበረ እጅ ይህን አይሠራም።

ከመከለሉ በፊት አንድና ሁለት ሰከንድ ቢገኝ የአልጋውን ጎማ መቆለፍ፣ የጎን መከለያውን ማንሣት፣ ለሕመምተኛው ትራሱን በራሱ ላይ መስጠት ይቻላል። «ከአልጋዎ አይነሡ፤ ራስዎን ይሸፍኑ» ብሎ በጠንካራ ድምፅ መናገር ደግሞ እጅ አይጠይቅም፤ ከየአልጋው የሚነሣውን ሩጫም ያስቀራል። በቀዶ ሕክምና ክፍል ቀዶ ሐኪሙ ስለታም መሣሪያዎችን ከቁስሉ አውጥቶ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍናል፤ ባልደረቦቹ ሕመምተኛው ከጠረጴዛው እንዳይንሸራተት ይደግፋሉ፤ ሁሉም ከላይ ከተንጠለጠለው መብራት ሥር ፈቀቅ ይላሉ። በላቦራቶሪ የሚሠራ ሰው ከመደርደሪያውና ከኬሚካሉ ይርቃል፤ የስፒሪት መብራት በእጁ ከደረሰ ያጠፋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያድነው አስቀድሞ የሚሠራው ሥራ ነው። ለዚህ የሎስ አንጀለሱ የኦሊቭ ቪው ሆስፒታል ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1971 ማለዳ በሳን ፈርናንዶ ሸለቆ በደረሰው መንቀጥቀጥ፣ ሥራ ከጀመረ ብዙም ያልቆየው ይህ ዘመናዊ ሆስፒታል ክፉኛ ተጎዳ። በሆስፒታሉ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ሁለቱ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ የነበሩ ሕሙማን ሲሆኑ፣ የሞቱት ኤሌክትሪክ በመቋረጡ ነበር። ሦስተኛው ከሕንፃው ለመውጣት ሲሞክር የፈረሰ የሕንፃ ክፍል የመታው ሠራተኛ ነበር። በዚያው መንቀጥቀጥ በአቅራቢያው የነበረ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል አሮጌ ሕንፃዎች ተደርምሰው ከ40 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ኦሊቭ ቪው በጠንካራ አሠራር እንደገና ተገነባ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የኖርዝሪጅ መንቀጥቀጥ ሲደርስም ሕንፃው ጸንቶ ቆመ። ሆኖም ቧንቧዎች ፈንድተው ውኃ ክፍሎቹን ስላጥለቀለቀ ሕሙማኑን ወደ ሌላ ማዛወር ግድ ሆነ። የቆመ ሕንፃ ሁሉ የሚያክም ሆስፒታል አይደለም።

ይህን ታሪክ ይዞ በአንድ የኢትዮጵያ ሆስፒታል ዋርድ ውስጥ የሚዘዋወር ሰው ብዙ ነገር ይታየዋል። የተሞላ ትልቅ የኦክስጅን ሲሊንደር ከ50 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ በብዙ ቦታ ግን ያለ አንዳች ማሰሪያ ከሕመምተኛው ራስጌ ቆሞ ይገኛል። ወድቆ አፉ ቢሰበር በውስጡ ያለው ግፊት እንደ ተወርዋሪ ያደርገዋል። መፍትሔው ከግድግዳ የተበየደ ቀለበትና ሰንሰለት ነው። የመድኃኒት መጋዘን መደርደሪያዎች ከግድግዳ አይታሰሩም፤ ከባዱ ካርቶን ላይኛው እርከን ላይ ይጫናል። ፎርማሊንና አሲድ በመስታወት ጠርሙስ በዓይን ከፍታ ላይ ይቀመጣሉ። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ባለ በእያንዳንዱ ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ አምቡ ባግ ተንጠልጥሎ ቢገኝ የኦሊቭ ቪው ሁለት ሕሙማን ዓይነት ሞት ይቀራል፤ ጀነሬተሩ ይነሣል ተብሎ መታመን ግን አይገባም። በመጨረሻም የኋላ በር ሌሊት ይቆለፋል፤ ቁልፉም በጥበቃው ኪስ ይሆናል፤ ጥበቃው የት እንዳለ ደግሞ ሁልጊዜ አይታወቅም። ከእነዚህ ሥራዎች አብዛኞቹ ከፍተኛ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም፤ የሚጠይቁት አንድ ከሰዓት በኋላና አንድ ብየዳ ሠራተኛ ነው።

ከንዝረቱ በኋላ

ንዝረቱ ሲያበቃ ተከታይ ንዝረት እንደሚመጣ ታሳቢ ተደርጎ ይሠራል። በጤና ተቋም ውስጥ በመጀመሪያ የሚደረገው እሳት፣ የኦክስጅንና የጋዝ ፍሳሽ፣ የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ገመድ መኖሩን ማየትና ሕሙማንን መቁጠር ነው። ሕሙማን የሚወጡት ምሰሶ የተሰነጠቀ፣ ወለል ያዘነበለ ወይም እሳት የተነሣ እንደሆነ ነው እንጂ ስለተፈራ ብቻ አይደለም፤ በጽኑ የታመመን ሰው በደረጃ ማውረድ የራሱ አደጋ አለው። የሚወጡትም በአሳንሰር ሳይሆን በደረጃ፣ በቃሬዛ ነው። የጉዳተኞች መለያ ሥፍራ ከሕንፃው ቁመት በሚበልጥ ርቀት ላይ በሜዳ ይደራጃል።

ከፍርስራሽ ሥር የተያዘ ሰው ሲገኝ ባለሙያው ሊዘነጋው የማይገባ አንድ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1941 በለንደን የአየር ድብደባ ተጎጂዎች ላይ የተገለጸው ክራሽ ሲንድረም ከዚያ ወዲህ በትላልቅ መንቀጥቀጦች ሁሉ ታይቷል። በ1999 በቱርክ ማርማራ መንቀጥቀጥ የኩላሊት ችግር የደረሰባቸው 639 ተጎጂዎች የተመዘገቡ ሲሆን 477ቱ ዳያሊስስ አስፈልጓቸዋል። የተጨፈለቀው ጡንቻ ፖታሲየምና ማዮግሎቢን ይዞ ይቆይና፣ ጫናው ሲነሣ ሁለቱም ወደ ደም ይገባሉ። ፖታሲየሙ ልብን ያቆማል፤ ማዮግሎቢኑ ኩላሊትን ይጎዳል። ስለዚህ ፈሳሽ የሚጀመረው ሰውየው ከመውጣቱ በፊት፣ አንድ ክንድ እንደተገኘ ነው። ለአዋቂ ሰው ኖርማል ሳላይን በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ይሰጣል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደ ሁኔታው ቢያንስ በግማሽ ይቀነሳል። ሪንገር ላክቴትና ፖታሲየም ያለበት ሌላ ፈሳሽ አይሰጥም። እግሩን ለማሰር መጣደፍም አያስፈልግም፤ ማሰሪያ ለሕይወት ለሚያሰጋ ደም መፍሰስ ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ተጨፍልቆ ቆይቶ «ደህና ነኝ» እያለ የወጣ ሰው በዚያው ዕለት ወደ ቤቱ የሚሰደድ አይደለም።

ተከታይ ንዝረቱ ለሳምንታት ሲዘልቅ ሕዝቡ ቤቱን ትቶ በሜዳ ያድራል። የተሰነጠቀ ቤት ያለው ሰው ይህን ማድረጉ ትክክል ነው፤ ቤቱ በባለሙያ ታይቶ እስኪፈቀድለት አይመለስም። ቤቱ ያልተነካበት ሰው ግን ሕፃኑን በብርድ ከማሳደር ይልቅ ከበሩ አጠገብ፣ ከመስኮትና ከቁም ሣጥን ርቆ፣ ጫማውን ከራስጌው አኑሮ ቢተኛ ይሻለዋል። በአዋሽና በአፋር ቆላ በሜዳ የሚያድር ሰው የወባ ትንኝ ታገኘዋለችና አጎበሩን ይዞ ይውጣ፤ የሚሰቀልበት እንጨት ባይኖር በአራት ካስማ ላይ በገመድ ይወጠራል። ነፍሰ ጡሮችና የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታና የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በየሰፈራው ተመዝግበው መድኃኒታቸውን ትተው መምጣት አለመምጣታቸው በመጀመሪያው ቀን ይጠየቃሉ።